ለታንክስጊቪንግ ጣፋጭ ካሮት፦ ያለ ቅቤ ያብረቀርቃል ወይ?

የማታ ፈረቃ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ።

የባለቤቴ አለቃ ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ቤተሰባችንን በሙሉ ጠርቶናል። ሚስቱ ደውላ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ አከፋፈለች። ለአንዱ ኬክ፣ ለአንዱ ዳቦ፣ ለእኔ ደግሞ «ግሌዝድ ካሮት» የሚሉት የሚያብረቀርቅ ጣፋጭ ካሮት ደረሰኝ። «በጣም ቀላል ነው፤ ስኳርና ቅቤ ብቻ ነው» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው። ካሮት የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ልጆቼን ያሳደግሁት በፎሶሊያና በጥቅል ጎመን ነው። ነገር ግን አትክልት ላይ ስኳር አድርጌ አላውቅም። በእኔ ቤት ስኳር ከሻይና ከቡና አልፎ ድስት ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ስኳሩን እንኳ እችለው ነበር። የከበደኝ ቅቤው ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋር ናት። በዓሉ ዘንድሮ ኖቬምበር 27 ይውላል፤ በእኛ ኅዳር 18 ማለት ነው። ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ስለዚህ እናቴ በዚያ ሁሉ ገበታ መካከል ውሃ ይዛ ልትቀመጥ ነው። እኔም እጾማለሁ። ባለቤቴ እንደ ሁኔታው ነው፤ አለቃው ተርኪ የሚሉትን ትልቅ የበዓል ወፍ ሲቆርጥለት ሁኔታው ወዴት እንደሚያዘነብል ከወዲሁ ይታየኛል። ቢያንስ እኔ ይዤ የምሄደው ምግብ እናቴ የምትበላው እንዲሆን እፈልጋለሁ።

የቀረውን ልንገራችሁ። የሚበላው 16 ሰው ነው። የእህቴ የ10 ወር ልጅም አለ፤ ካሮት ሲያይ እጁን ይዘረጋል። እኔ ረቡዕ ማታ ሥራ ላይ ነኝ፤ የምወጣው ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ምግቡ የሚቀርበው 10 ሰዓት ላይ ነው። የሴትየዋ ኦቨን በተርኪ ስለሚያዝ ከላይ ካሉት ምድጃዎች አንዱን ብቻ ልትለቅልኝ ትችላለች።

ያለ ቅቤ እንዴት ይሠራል? ቀድሜ ሠርቼ ብወስደውስ? ቪዲዮ ያላየሁ እንዳይመስላችሁ። ሁሉም ስኳሩን በኩባያ እየሰፈሩ ሲያፈሱ ነው የሚታዩት፤ የሚሠሩት የምግብ ማባያ ይሁን ከረሜላ ሳይገባኝ ቪዲዮው ያልቃል።

ተጠራጣሪው (ዳላስ)

እህቴ፣ ካሮትን በስኳር የሚበላ ሰው ኬክ አላገኘም ማለት ነው። ድፎ ዳቦ ጋግረሽ ሂጂ። የጾም ነው፣ እናትሽም ትበላዋለች፣ ፈረንጆቹም ፎቶ ያነሡታል።

የማታ ፈረቃ

ወንድሜ፣ ዳቦው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አልኩህ እኮ። ሴትየዋ ሰንጠረዥ ሠርታ ለሁላችንም ልካለች። ከካሮት ትይዩ ያለው ስም የእኔ ነው።

ባለ መጥበሻው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ሰላም። የምሠራው በዋሽንግተን አካባቢ ባለ ሆቴል፣ በድግስ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ከኖቬምበር እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ካሮት በሳጥን ነው የሚወርድልን። ስለ ተርኪ ብትጠይቂኝ ወደ ሌላ ሰው እመራሽ ነበር፤ ስለዚህኛው ግን እኔን ስሚኝ።

ከሁሉ በፊት፣ ሁለት ዓይነት አትሥሪ። «ለእነሱ በቅቤ፣ ለእናቴ በዘይት» የሚለውን ሐሳብ ከአሁኑ ተዪው። በሰው ወጥ ቤት ሁለት መጥበሻ ይዘሽ ቆመሽ ሳለ አንዲት ደግ ሴት ልታግዝሽ ትመጣለች፣ በቅቤው ማንኪያ የጾሙን ታማስልልሻለች፣ እናትሽም ያንን ታያለች። ከዚያ በኋላ ምን ብትምዪ አትነካውም። ሁሉንም የጾም አድርጊው። ጥሩ ሆኖ ከተሠራ ቅቤ የለውም ብሎ የሚጠይቅ የለም። በእነሱ ገበታም ቢሆን ዛሬ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የማይበላ አንድ የወንድም ልጅ አይጠፋም፤ እሱም ያመሰግንሻል።

አሁን ወደ ብልጭታው። ካሮቱን የሚያብረቀርቀው ቅቤው ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ዋናው ሥራ የውሃው ነው። ካሮቱ በጥቂት ውሃ፣ በጨውና በማር ሲበስል ጣዕሙን ወደ ውሃው ይለቃል፤ ውሃው ተንኖ ሲያልቅ የሚቀረው ሽሮፕ ካሮቱ ላይ ይጠቀለላል። ስቡ የሚያስፈልገው ያንን ሽሮፕ ለማለስለስና ለማወፈር ነው። የገበታ ቅቤ ከመቶ 80 እጅ ገደማው ስብ ነው፤ የቀረው ውሃና ጥቂት የወተት ትራፊ ነው። ይህ ትራፊ ስቡን ከሽሮፑ ጋር ያስማማዋል። ዘይት አስማሚ የለውም፤ ከበዛ ተለይቶ ከላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ዘይቱን ቀንሺ፣ መጥበሻውን እያወዛወዝሽ አዋህጂው፣ ብልሃቱ ይኸው ነው።

ካሮት ስትገዢ በከረጢት የታሸጉትን ትንንሽና ልጥ ካሮቶች እለፊያቸው። «ቤቢ ካሮት» ቢባሉም ሕፃን አይደሉም። ትልልቅ ካሮት በማሽን ተቆርጦና ተልጦ የሚሠሩ ናቸው። በ1980ዎቹ አንድ የካሊፎርኒያ ገበሬ መልካቸው ስላላማረ ገዢ ያጡ ካሮቶቹን ላለመጣል የጀመረው ዘዴ ነው። ለገበሬው ጥሩ ሆነለት፤ ለመጥበሻ ግን ውሃ ውሃ ይላሉ። አንቺ ከነልጣጩ የሚሸጠውን መካከለኛ ውፍረት ያለውን ግዢ። ቅጠሉ ያልተቆረጠለት ካገኘሽ ቤት እንደገባሽ ቅጠሉን ቁረጪው፤ አለበለዚያ እርጥበቱን እየሳበ ካሮቱን ያጠወልገዋል።

ለ16 ሰው 4 ፓውንድ ይበቃል፤ ወደ 1.8 ኪሎ ነው። ሌላ ምግብ በሞላበት ገበታ ከዚህ በላይ ይተርፋል። ልጠሽ በሰያፍ ቁረጪው፤ ውፍረቱ የትንሿ ጣት ያህል ይሁን። ወፍራሙን ጫፍ መጀመሪያ ለሁለት ሰንጥቂው። መጠኑ እኩል ካልሆነ ግማሹ ሲፈርስ ግማሹ ጥሬ ይሆናል።

ረቡዕ ከሥራ በፊት፣ በራስሽ ምድጃ፣ በሰፊ መጥበሻ ሁለት ጊዜ አድርገሽ ሥሪው። በየተራው 2 ፓውንድ ካሮት፣ 1 ኩባያ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሜፕል ሽሮፕ (ሜፕል ከሚባል ዛፍ የሚገኝ ጣፋጭ ፈሳሽ) ወይም ማር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል በስሱ ተቆርጣ፣ አንድ እንጨት ቀረፋ። የተፈጨ ቀረፋ አታድርጊ፤ ሽሮፑን ያደፈርሰዋል። ክደኚውና ከፈላ በኋላ 6 ወይም 7 ደቂቃ ያህል አብስዪው። ቢላ ስትሰኪበት ገብቶ መሀል ላይ ትንሽ መያዝ አለበት። እዚያ ላይ አውጪው። የበሰለ መስሎሽ ከጨመርሽለት በማግስቱ ገንፎ ይሆናል።

ካሮቱን ከውሃው ለዪው። በትሪ ላይ ዘርግተሽ አቀዝቅዢውና በአንድ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ውሃውን በማሰሮ ወይም በጠርሙስ ለብቻው አስቀምጪው። ይህንን ውሃ ብትደፊው ተጣልተናል። ጣዕሙ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ሐሙስ እነሱ ቤት አንዱ ምድጃ ይበቃሻል። መጀመሪያ ውሃውን ብቻውን መጥበሻ ላይ አፍስሺው፣ 1 ኩባያ የብርቱካን ጭማቂ ጨምሪበት፣ እሳቱን ከፍ አድርጊው። እዚህ ላይ ዓይንሽን ሳይሆን ጆሮሽን ተጠቀሚ። በመጀመሪያ ፈጠን ያለ የፍላት ድምፅ ነው የምትሰሚው። ውሃው ሲያልቅ አረፋው ትልልቅ ይሆናል፣ ድምፁም ይከብዳል፣ ማማሰያውን ስትጎትቺ መጥበሻው ላይ መንገድ ይከፍታል። ያን ጊዜ ካሮቱን ጨምሪ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አድርጊበት፣ መጥበሻውን እያወዛወዝሽ እስኪሞቅና እስኪለብስ ድረስ ጠብቂ። ጠቅላላው ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ዘይቱ ተለይቶ ከታች ኩሬ ከሠራ አትደንግጪ፤ በጣም ደርቋል ማለት ነው። 1 ማንኪያ ውሃ ጣል አድርገሽ ስታወዛውዢው ይመለሳል።

ብርቱካኑን ከመጀመሪያው ለምን እንዳላስጨመርኩሽ ትጠይቂ ይሆናል። ኮምጣጣ ነገር አትክልት እንዳይለሰልስ ይይዘዋል። ባቄላን ከቲማቲም ጋር የጣደ ሰው ይህንን ያውቃል።

ከእሳት ሲወርድ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና ጥቂት ጦስኝ። ሎሚውን አትርሺ። ተጠራጣሪው ወንድማችን ኬክ ነው ያለው ሎሚና በቂ ጨው የሌለውን ቀምሶ ይመስለኛል፤ በዚያኛው ላይ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

የማታ ፈረቃ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ውሃውን ልደፋው ነበር፤ በደንብ አድርገህ አስፈራራኸኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ቤት ውስጥ የታሸገ ማርጋሪን አለ፣ ከቅቤ ይልቅ እሱን ባደርግስ? ሌላው፣ እናቴ ከአገር ቤት ይዛልኝ የመጣችው ማር አለ። ማር ይሻላል ወይስ ሜፕሉ?

እትዬ ከሎስ አንጀለስ

ልጄ፣ የማሩን እኔ ልመልስልሽ። ማርን በጾም ስንበላ ነው ያደግነው፤ ብርዝ ጠጥተን አይደል እንዴ ጾም የምንውለው። እናትሽ ተሸክማ ያመጣችውን ግን ድስት ውስጥ አትጨምሪባት። አፍልተሽው መዓዛው ይጠፋል፣ እሷም ታዝንብሻለች። ለምግብ መሥሪያ የሱቁን አድርጊ።

ዋናው ነገር ሕፃኑ ነው። አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፤ የበሰለም ቢሆን አይሰጥም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ጀርም ዘር በተራ የወጥ እሳት አይሞትም፤ ትልቅ ሰው አይጎዳውም፣ የሕፃን አንጀት ግን አይችለውም። እኛ በገጠር ስንት ሕፃን ማር አልሰናል፤ ያን ጊዜ የሚነግረን አልነበረም። አንቺ የሆስፒታል ሰው ትመስይኛለሽና ታውቂው ይሆናል፤ በገበታው ዙሪያ የሚቀመጠው ሌላው ሰው ግን ላያውቅ ይችላል። አንድ አክስት «ቅመስ» ብላ በማንኪያ ትሰጠዋለች። ስለዚህ ሜፕሉን አድርጊና ተገላገዪ።

ለልጁ ገና ከመጀመሪያው ጥቂት ካሮት ለብቻው፣ ያለ ጨውና ያለ ሽሮፕ፣ በደንብ እስኪልም ቀቅይለት። ክብ ክብ አድርገሽ አትስጪው፣ ያንቀዋል። ፈጭተሽ ስጪው።

ስለ ቅቤ ደግሞ ከወንድማችን ጋር ትንሽ አልስማማም። በጾሙ አልናገርም። ጾሙ ሲፈታ ግን፣ ታኅሣሥ 29 ለገና፣ ይህንኑ ካሮት በንጥር ቅቤ ሞክሪው። ኮረሪማው ከካሮት ጋር እንዴት እንደሚስማማ ብታዪ። እኔ ከዶሮው ጎን አቀርበዋለሁ፤ የልጅ ልጆቼ ዶሮውን ትተው እሱን ነው የሚሻሙት።

ባለ መጥበሻው

እትዬ፣ ስለ ሕፃኑ እጅ ነስቻለሁ። ያንን ሳላነሣ ማለፌ አግባብ አልነበረም፤ ደግነቱ እርስዎ አሉ።

በንጥር ቅቤው ግን እንዲፈቅዱልኝ እለምናለሁ። ሲነጠር ውሃውና የወተቱ ትራፊ ስለሚወጣ የሚቀረው ንጹሕ ስብ ብቻ ነው፤ እንደ ዘይት ይለያል እንጂ ሽሮፑን አያወፍርም። አብሽና በሶብላ የገባበት ከሆነ ደግሞ ካሮቱ ወጥ ወጥ ይላል። እርስዎ ኮረሪማው ብቻ የሚጎላበት ቅቤ ካለዎት ሌላ ነገር ነው። በግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ በመጨረሻ፣ ለሽታ ያህል ይሁን ቢሉኝ እስማማለሁ።

እህቴ፣ ማርጋሪኑን ከመክፈትሽ በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። «ከአትክልት ዘይት የተሠራ» ተብሎ ፊቱ ላይ በትልቁ ተጽፎ ከኋላው «ሚልክ» ወይም «ዌይ» የሚል በትንሹ የሚገባበት አለ። ዌይ አይብ ሲሠራ የሚወጣው አጓት ነው። እሱ ካለበት የጾም አይደለም። ከሌለበት አድርጊው፤ ከተራ ዘይት ይልቅ ሽሮፑን ያወፍርልሻል።

ስለ እናትሽ ሳህን ሌላም ነገር ልንገርሽ፤ የዚህን አገር የበዓል ገበታ ከጓዳው በኩል ስለማውቀው ነው። አትክልት የሚመስለው ሁሉ የጾም አይደለም። ስኳር ድንቹ ላይ የሚጋገረው ማርሽሜሎ የሚባል ነጭ ለስላሳ ከረሜላ ጄላቲን አለበት፤ ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው። ፎሶሊያ የሚመስለው አረንጓዴው ነገር በክሬም ሾርባ የተጋገረ ነው። የበቆሎ ዳቦው እንቁላልና ወተት አለበት። የተርኪው ማጀቢያ ዳቦ ብዙውን ጊዜ በሥጋ መረቅ የራሰ ነው። የድንች ፍትፍቱን አልናገርም፤ ግማሹ ቅቤ ነው። የክራንቤሪው ስልስ ብዙ ጊዜ ፍሬና ስኳር ስለሆነ ይሆናታል። ስለዚህ ካሮቱ ማባያዋ ብቻ ሳይሆን ምሳዋ ሊሆን ነውና አንድ ሳህን ሽምብራ ወይም ምስር ጨምረሽ ያዢ። ሰንጠረዡ ላይ ባይኖርም ማንም አይመልስሽም።

ሰዓቱ ግን መልካም ገጠመሽ። እናትሽ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ 10 ሰዓት ላይ የሚቀርብ ገበታ አያስቸግራቸውም።

ከአሽዶድ (እስራኤል)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለ ቅቤ መሥራቱን እኛ ለምደነዋል። እኛ ቤት ሥጋ በቀረበበት ገበታ ላይ ወተትም ቅቤም አይቀርብም፤ የበዓል ገበታ ደግሞ ሥጋ አያጣም። ስለዚህ የዚህ አገር ጣፋጭ ካሮት በአብዛኛው በዘይት ነው የሚሠራው።

እኔ የተማርኩት ወላጆቿ ከፖላንድ ከመጡ ጎረቤቴ ነው። በአይሁድ አዲስ ዓመት በሮሽ ሃሻና፣ አያቶቻችን ብርሃን ሠረቀ በሚሉት በዓል፣ ካሮቱን ክብ ክብ አድርጋ ትቆርጠዋለች። የወርቅ ሳንቲም እንዲመስል ነው፤ ዓመቱ የጣፈጠና የበረከት እንዲሆን ይመኙበታል። ጺሜስ ይሉታል። በጎንደር እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም ነበር። አያቴ መጀመሪያ ስትቀምሰው «ይህ የማነው ቡና ማጣጫ?» ብላ ነበር፤ አሁን በየዓመቱ ጎረቤታችን እስክታመጣው ትጠብቃለች።

ልናገር የፈለግሁት ግን ሌላ ነው። ወንድማችን የነገሩሽ አሠራር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በሰው ቤት ምድጃ ፊት ቆመሽ እንድታሳምሪ ይጠይቅሻል። ጺሜስ እንዲያ አይደለም። ካሮቱን፣ የብርቱካን ጭማቂውን፣ ማሩን ወይም ስኳሩን፣ ጥቂት ዘይት፣ ጨው፣ ቀረፋና አንድ እፍኝ የደረቀ ፕለም በወፍራም ድስት ከድነሽ በቀስታ እሳት አንድ ሰዓት ያህል ትተይዋለሽ። ካሮቱ ይልማል፣ ፕለሙ ይፈርስና መረቁን ያወፍረዋል። መልኩ እንደዚያኛው አያብረቀርቅም፤ ጠቆር ይላል። ግን ቢያድር ይጣፍጣል፣ ቢሞቅ አይበላሽም። ሌሊቱን ሙሉ ሠርታ ለምትመጣ ሴት ይህኛው ይሻላል እላለሁ።

ባለ መጥበሻው

ክርክር የለኝም። እርግጥ ነው፣ ያኛው ያርፋል፤ የእኔው ቆሞ የሚጠበቅ ነው። ሴትየዋ ግን «ግሌዝድ» ብላ ነው ያዘዘችው፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ትጠብቃለች። በእኔ ሙያ ደንበኛው ስም ጠርቶ ካዘዘ ያንኑ ነው የምናቀርበው። ፕለሙን ግን ወደ እኔው ሽሮፕ ሁለት ሦስት ፍሬ ጨምሬ ልሞክረው ነው።

የጉለሌ ልጅ (አዲስ አበባ)

ከዚህ ሆኜ ሳነብ ቆይቼ ነው። ሜፕል የሚባለውን የምናገኘው በትልልቅ ሱፐርማርኬት፣ በውድ ዋጋ ነው። እኔ ትናንት በስኳር ሞከርኩት፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር መጀመሪያ በደረቁ መጥበሻ ላይ ቡናማ እስኪሆን አቀልጬ፣ ከዚያ ውሃውንና ካሮቱን ጨመርኩ። ሲገባ ይንጫጫል፣ ይረጋል፣ በኋላ ግን ውሃው ራሱ ያሟሟዋል። መልኩ ማር የገባበት ይመስላል። የእኛ ካሮት ቀጭን ስለሆነ መሰንጠቅ አላስፈለገኝም፤ ግን አፈሩን ማጠቡ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከእንጀራ ጋር ግን አይሄድም። ከሩዝ ጋር ነው የበላነው። እናቴ ሚጥሚጣ ነሰነሰችበትና እሱ ነው ያስተካከለው።

ተጠራጣሪው

ሚጥሚጣ ከገባበት እንነጋገራለን።

የማታ ፈረቃ

ተመለስኩ። በዓሉ አልፏል፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የባለ መጥበሻውን አሠራር ነው የተከተልኩት፣ ሜፕሉን አድርጌ። ረቡዕ ቀቅዬ ለየሁት፤ ውሃውን በጠርሙስ ስይዝ ባለቤቴ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ሊጠጣው ነበር። ሐሙስ ሴትየዋ ምድጃ ስትለቅልኝ ዙሪያዬን ሰው ቆሞ ነበር፤ አንዱ ወይን ይቀዳል፣ አንዱ ሹካ ይፈልጋል። የድምፁ ነገር እውነት ነው፤ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከልም ይሰማል። አረፋው ሲከብድ ካሮቱን ጨመርኩት፣ ዓይኔ እያየ ለበሰው። አንዲት ወይዘሮ በእጇ ማንኪያ ይዛ እየመጣች ነበር፤ ሳትደርስ መጥበሻውን አነሣሁት።

ቅቤ የለበትም ብሎ የጠየቀ የለም። የሴትየዋ አማት ሁለት ጊዜ አነሡ። እናቴ ሚጥሚጣዋን ከቦርሳዋ አውጥታ በራሷ ሳህን ላይ ነሰነሰች (ይዛ መምጣቷን አላውቅም ነበር)፣ ከሽምብራው ጋር በላችው፣ ከዚያ «ለወጥ አይሆንም፤ ለብቻው ግን ይበላል» አለች። ከእናቴ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ሕፃኑ የተለየለትን ግማሹን በላ፣ ግማሹን ፀጉሩ ላይ አደረገው። ባለቤቴን አትጠይቁኝ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሴትየዋ የተረፈውን አንድ ሳህን ሙሉ መልሳ አስያዘችኝ። ካሮቱ ከፍሪጅ ሲወጣ ደርቋል፤ ሽሮፑ ረግቶ ይጣበቃል። ፎሶሊያ ውስጥ ልጨምረው?

ባለ መጥበሻው

ፎሶሊያ ውስጥ አይሁን፤ ጣፋጩ ሽንኩርቱን ይጫነዋል። ቀይ ምስር ቀቅዪ፣ ካሮቱን ከነሽሮፑ ጨምረሽ ፍጪው፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጨምረሽ በውሃ አቅጥኚውና ሾርባ አድርጊው። ጨውና ሎሚውን በርታ በይበት፤ ስኳሩ እንደ ጣፋጭ መሰማቱን ይተዋል። በሦስት ቀን ውስጥ ጨርሺው። እናትሽ ገና አሉ አይደል? ሚጥሚጣውን ይዘው ይቅረቡ።